አየር ባለበት የሚነቁ፣ አየር ባለበት የማይኖሩ



እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የቆየ ቅቤ የሚሸተውን አሲድ ስለሚያመነጭ አንድ የመብላላት ሂደት ይመራመር ነበር። ከፈሳሹ አንዲት ጠብታ ወስዶ በመስታወት ላይ አኖረ፤ በስስ መስታወት ሸፍኖም በማይክሮስኮፕ ተመለከታት። በጠብታዋ መሐል ያሉት በትር መሰል ፍጥረታት ወዲያ ወዲህ ይዋኛሉ። በጠርዟ በኩል፣ አየር የሚያገኛቸው ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፓስተር በሌሎች ጠብታዎች ሲያይ የኖረው የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ የሚያውቃቸው ደቂቅ ፍጥረታት አየር ፍለጋ ወደ ጠርዝ ይሰበሰቡ ነበርና። ቀጥሎ በሚብላላው ፈሳሽ ውስጥ አየር እንዲያልፍ ሲያደርግ መብላላቱ ደከመ። ያለ አየር የሚኖር፣ ከዚያም አልፎ አየር የሚጎዳው ሕይወት እንዳለ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚህ ባክቴሪያዎች ነው። ሳይንሱ አናኤሮቢክ ይላቸዋል፤ እኔ ለአነጋገር እንዲቀለኝ አየር ጠል እላቸዋለሁ። የመንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም የቴታነስ ባክቴሪያ ከእነሱ አንዱ ነው። ምግብን ወደ መርዝ የሚለውጠው የቦቱሊዝም ባክቴሪያም እንዲሁ። አየር የሚገድላቸው ከሆነ ታዲያ ፀሐይና ነፋስ በማይለየው መሬት፣ በእርሻውና በመንገዱ አፈር ላይ እንዴት ሞልተው ተገኙ? መልሱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፦ በአፈሩ ውስጥ የተኙት በስፖር መልክ ነው። ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ግን በደንብ ሲመለስ አልሰማሁም። ስፖሩ ከእንቅልፉ ሲነቃ ኦክስጅን ምን ያደርገዋል? ብዙ ሰው፣ በጤና ሙያ ላይ ያለውም ጭምር፣ «አየር ባለበት አይነቃም» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከእነዚህ ስፖሮች ብዙዎቹ አየር ባለበትም ይነቃሉ፤ የማይችሉት ነቅተው መኖርን ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ቁስል እንዴት እንደምናክም፣ ወጥ እንዴት እንደምናሳድር፣ የሆስፒታል ክፍል እንዴት እንደምናጸዳ የሚወስነው ግን ይኸው ልዩነት ነው።

መጀመሪያ ስለ እንቅልፉ። ባክቴሪያው ምግብ ሲያጥረው ወይም ኑሮ ሲከብደው በሆዱ ውስጥ አንድ ትንሽ ክብ ወይም ሞላላ አካል ይሠራል። የዘር መረጃውን ቅጂ እዚያ ያስቀምጣል፣ ዙሪያውን በድርብርብ ልባስ ይሸፍናል፣ ውሃውን ያስወጣል፣ በውሃው ምትክ ዳይፒኮሊኒክ አሲድ የሚባል ውህድ ከካልሲየም ጋር አጣምሮ ይሞላበታል። በመጨረሻ እናቲቱ ሴል ትፈርስና ስፖሩ ብቻውን ይቀራል። በውስጡ የሚሠራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አይመገብም፣ አይተነፍስም፣ አይከፋፈልም። ኦክስጅን የማይጎዳውም ለዚህ ነው። ኦክስጅን አየር ጠሉን ባክቴሪያ የሚያጠቃው በሥራ ላይ ያሉ ኢንዛይሞቹን፣ በተለይም ብረትና ድኝ ያለባቸውን በማበላሸት ነው። በተጨማሪም በሕይወት ሂደት ውስጥ ኦክስጅን ወደ ጎጂ ቅርጾች ይለወጣል፤ እኛ እነዚያን የምናመክንበት መሣሪያ አለን፣ እነሱ ግን የላቸውም፣ ወይም ያላቸው ደካማ ነው። የተኛው ስፖር ሥራ ላይ ያለ ኢንዛይም ስለሌለው ኦክስጅኑ የሚይዝበት ቦታ ያጣል።

እንቅልፉ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሊቃውንትን አስቸግሯል። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኮን በ1876 በድርቆሽ ላይ የሚገኘው ባክቴሪያ ሙቀት የሚቋቋም ስፖር እንደሚሠራ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ጆን ቲንዳል የድርቆሽ ውሃን አንዴ ማፍላት እንደማይበቃ፣ እያሳደሩ ደጋግመው ቢያፈሉት ግን ንጹሕ እንደሚሆን አረጋገጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ፈላ የነቁትን ይገድላል፣ የተኙት ይተርፋሉ። በማግስቱ ከተኙት አብዛኞቹ ነቅተዋል፤ ሁለተኛው ፈላ እነዚያን ያገኛቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ ዘግይተው የነቁትን። የስፖር ብርታቱ እስኪነቃ ድረስ ብቻ መሆኑን ይህ የቲንዳል ዘዴ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል፤ እስከ ንግግሬ መጨረሻ ድረስም አብሮን ይዘልቃል።

ወደ መንቃቱ እንሂድ። ስፖሩ በውስጠኛው ልባሱ ላይ የተወሰኑ ነገሮችን የሚለዩ ተቀባዮች አሉት። የሚለዩትም በአብዛኛው ምግብን ነው፦ አሚኖ አሲዶችን፣ ስኳሮችን፣ አንዳንድ ጨዎችን። አንጀትን የሚያውከውና በአንቲባዮቲክ ሕክምና ወቅት የሚነሳው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚነቃው ከጉበት ወደ አንጀት በሚወርደው የሐሞት ጨው፣ ግላይሲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲያገኘው ነው። አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፦ ስፖሩ የሚጠይቀው «ምግብ አለ ወይ» ብሎ እንጂ «አየር አለ ወይ» ብሎ አይደለም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የታጠቡ የክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ስፖሮችን በንጹሕ ውሃ በመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርጉ፤ ፈሳሹ ወተት የነካው ይመስላል። ቱቦው ክፍት ነው፣ አየሩ የላቦራቶሪው አየር ነው። የሐሞት ጨውና ግላይሲን ጨምሩበት። በደቂቃዎች ውስጥ ፈሳሹ እየጠራ ይሄዳል። በማይክሮስኮፕ ሥር ደግሞ እንደ ዕንቁ ያበሩ የነበሩት ስፖሮች ተራ በተራ ይጠቁራሉ። ያ የብርሃን መጥፋት የዳይፒኮሊኒክ አሲዱ መውጣትና የውሃው መግባት ምልክት ነው። ልባሱን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ሥራ ጀምረዋል። ለዚህ ሁሉ ስፖሩ አዲስ ጉልበት ማመንጨት አላስፈለገውም፤ አስቀድሞ የተዘጋጀ ወጥመድ እንደተለቀቀ ያህል ነው። ኦክስጅን ሊያግደው የሚችለው የሕይወት ሥራ ገና አልተጀመረም።

አሁን እነዚያን የጠቆሩ ስፖሮች በሁለት ምግብ ባለባቸው ሳህኖች ላይ ዝሯቸው። አንዱን ሳህን ክፍት አየር ላይ፣ ሌላውን ናይትሮጂን፣ ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ በተሞላ ዝግ ሣጥን ውስጥ አኑሩ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሳህን የባክቴሪያ ጉብታ ያወጣል። አየር ላይ ያለው ባዶውን ይቀራል። አየር ላይ የቀሩት ስፖሮች በበልግ ካፊያ ተታሎ የበቀለ ዘር ሆነዋል፤ ቅርፊቱን ጥለዋል፣ ወደ ኋላ መመለስ አይችሉም፣ ወደ ፊትም መንገድ የላቸውም።

ሁሉም ዝርያ እኩል ነው አልልም። በአንዳንዶቹ ላይ ኦክስጅን መንቃቱንም ያዘገያል፤ ስፖሩ የተሠራበት ሁኔታ፣ የቀረበለት ምግብ፣ ቀድሞ ያገኘው ሙቀት ውጤቱን ይለውጡታል። ከአንድ ቱቦ ውስጥ እንኳ ጥቂት ስፖሮች ምንም ቢደረግላቸው ሳይነቁ ይቆያሉ፤ እነዚህ ለሐኪምም ለምግብ ባለሙያም ትልቅ ራስ ምታት ናቸው። ዋናው መስመር ግን እንደተናገርሁት ነው።

አሁን ቁስል ውስጥ እንግባ። በ1884 ጀርመናዊው አርተር ኒኮላየር የአትክልት አፈር ለእንስሳት ሲወጋ መንጋጋ ቆልፍ አስያዛቸው። ባክቴሪያውን ለይቶ በንጽሕና ማሳደግ ግን አልሆነለትም። በ1889 በበርሊን በሮበርት ኮህ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ መላ አገኘ። ከቁስል የወሰደውን ናሙና በ80 ዲግሪ አሞቀው፤ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሞቱ፣ የቴታነሱ ስፖር ተረፈ። ከዚያ በሃይድሮጂን ውስጥ አሳደገው። አየሩ በሃይድሮጂን ባይተካ ኖሮ ስፖሩ ተርፎም ዋጋ ባልነበረው።

ከዚያ አንድ እንቆቅልሽ መጣ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ቫያርና ባልደረቦቹ የቴታነስን ስፖር ከመርዙ አጽድተው ለጤነኛ እንስሳ ወጉት። እንስሳው አልታመመም። ያው ስፖር ከተቀጠቀጠ ሥጋ ወይም ከሌላ ባክቴሪያ ጋር አብሮ ሲገባ ግን በሽታው ተነሳ። ቆይቶ በ1919 ቡሎክና ክሬመር የተባሉ ተመራማሪዎች በአፈር ውስጥ የሚገኘው የካልሲየም ጨው ሥጋን እየጎዳ ለስፖሩ በር እንደሚከፍትለት አሳዩ። እንግሊዛዊው ፖል ፊልድስ በ1920ዎቹ መጨረሻ ጥያቄውን በመለኪያ ያዘው፦ በሥጋ ውስጥ የኦክስጅን ጉልበት ከተወሰነ መጠን በታች ካልወረደ የቴታነስ ስፖር ወደ ባክቴሪያነት አይለወጥም፤ ጤነኛ ሥጋ ደግሞ ሁልጊዜ ከዚያ በላይ ነው። ፊልድስ ይህን ሁሉ የመንቃት ደንብ አድርጎ ጻፈው። በዛሬ ዓይን ስናየው መንቃትንና ማደግን አንድ ላይ የለካ ይመስለኛል። የተግባር ትርጉሙ ግን አልተለወጠም፤ ደም በሚገባ በሚዘዋወርበት ሥጋ ውስጥ የገባ ስፖር ባክቴሪያ ሆኖ አይራባም፤ ነጭ የደም ሴሎችም ይለቅሙታል።

ስለዚህ አደገኛው ቁስል የትኛው እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ሰፊና ብዙ የሚደማ ቁስል ያስደነግጣል፤ ሆኖም ደሙ ራሱ ያጥበዋል፣ አየርም ያገኘዋል። ሚስማር የወጋው እግር፣ እሾህ ሰብሮ የቀረበት ጣት፣ በድንጋይ የተጨፈለቀ ሥጋ ከላይ ትንሽ ይመስላሉ። ከሥር ግን የደም ሥሮቹ ተዘግተዋል፤ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ሌሎች ባክቴሪያዎች ይጨርሷታል። ሐኪም የሞተውን ሥጋ ቆርጦ የሚያወጣው፣ ቆሻሻ ያለበትን ጥልቅ ቁስል ወዲያው ሳይሰፋ ክፍቱን የሚያቆየው ለዚህ ነው። ታማሚው «ለምን አልሰፉልኝም» ብሎ ሲቆጣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱ ቢነገረው የሚቆጣ አይመስለኝም። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ውስጥ ይነሳል። ከበሽታው የዳነ ሰው ደግሞ መከላከያ አያገኝም፣ የሚያሳምመው መርዝ ሰውነትን ለማስተማር የማይበቃ ኢምንት ነውና። የዳነውም ሰው መከተብ አለበት።

ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚታየው በአራስ ሕፃን እትብት ላይ ነው። እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ጉቶው ደም አይደርሰውም። ደም ካልደረሰው ኦክስጅን አይደርሰውም። ቀስ እያለ የሚሞት ሥጋ ነው፤ ለቴታነስ ስፖር ከዚህ የተመቸ ማረፊያ ማግኘት ያስቸግራል። በንጽሕና ባልተያዘ ምላጭ ሲቆረጥ ወይም ጉቶው ላይ ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት ሲደረግበት ስፖሩ ይገባል፣ የተቀባው ነገር ደግሞ አየሩን ይዘጋለታል። እናቶችና የልምድ አዋላጆች ይህን ያደርጉ የነበረው ሕፃኑን ለማዳን እንደነበረ ልረሳ አልፈልግም፤ እትብቱን ማለስለስ ፍቅር ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 የእናቶችና የአራስ ሕፃናት ቴታነስን ማስወገዷ ተረጋግጧል። ማስወገድ ማለት እዚህ ላይ በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት የሚያዙት ከ1 በታች ሲሆኑ ነው እንጂ በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። እንደ ፈንጣጣ ሊጠፋ አይችልም፤ ስፖሩ በአፈሩ ውስጥ ነው፣ በከብቱ አንጀት ውስጥ ነው፣ ሰው ሁሉ ቢከተብም እዚያው ይኖራል። በነፍሰ ጡሯ ክትባት ምክንያት ወደ ፅንሱ የሚተላለፈው መከላከያና ንጹሕ ምላጭ ሥራቸውን ካቆሙ በሽታው በዚያው ዓመት ተመልሶ ይመጣል።

ከቁስል ወደ ማዕድ ቤት። በዲሴምበር 1895 በቤልጂየም ኤሌዜል በምትባል መንደር የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የተጫወቱ ሙዚቀኞች በጨው የተቀመመ ጥሬ የአሳማ ጭን በሉ። ብዙዎቹ ታመሙ፤ ዓይናቸው ፈዘዘ፣ መዋጥ ተሳናቸው፣ ሦስቱ ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርሜንገም የተባለው ፕሮፌሰር ሥጋውን መርምሮ በ1897 ባክቴሪያውን አሳወቀ፤ ቦቱሊዝም የምንለውን በሽታ የሚያመጣውን። ከጥናቱ እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ አንድ ነጥብ ነው። ከዚያው አሳማ፣ ከዚያው በርሜል የወጣ ሌላ ሥጋ የበሉ ሰዎች ምንም አልሆኑም። ገዳዩ ጭን የነበረው በበርሜሉ ታች፣ በጨው ውሃው ውስጥ ጠልቆ ነው። ሌላው ከላይ፣ ከውሃው ወጥቶ አየር ያገኘው ነበር። እንስሳው አንድ፣ ጨው አንድ፣ በርሜል አንድ ሆኖ ሳለ የአየሩ መኖርና አለመኖር ብቻ አንዱን ምግብ፣ ሌላውን መርዝ አደረገው።

ዛሬ ያ በርሜል በየቤታችን በሌላ መልክ አለ። በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ አንድ ምግብ ቤት የተመገቡ 36 ሰዎች በቦቱሊዝም ተያዙ፤ ምክንያቱ በዘይት ውስጥ የተቀመጠ፣ ማቀዝቀዣ ያላገኘ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚወጣ ነው፣ ስፖር ይዞ ይመጣል። ዘይቱ አየሩን ይዘጋል። እንግዲህ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭታችሁ ዘይት አልብሳችሁ የምታስቀምጡ ካላችሁ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጉት፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ተጠቀሙበት። «ዘይት ከላይ ካለበት አይበላሽም» የሚለው አባባል ለሻጋታ እውነት ነው፤ ሻጋታ አየር ይፈልጋልና። ለቦቱሊዝም ግን ዘይቱ ራሱ መኖሪያውን ያዘጋጅለታል። ኮምጣጣ ምግብ ሌላ ነገር ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4.6 በታች ሲሆን ይህ ባክቴሪያ አያድግም፣ የእንጀራችን ሊጥም ከዚያ በታች ይወርዳል።

«አፍልቼዋለሁ» ማለት አያድንም። የቦቱሊዝምን ስፖር በእርግጠኝነት ለመግደል 121 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በእንፋሎት ግፊት ካልሆነ አይገኝም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች ከባሕር ዳርቻው ሰው በባሰ ሁኔታ ላይ ነን። መርዙ ግን ከስፖሩ ደካማ ነው፤ ምግቡ ውስጡ ድረስ ከ85 ዲግሪ በላይ ለ5 ደቂቃ ቢሞቅ ይበላሻል። ማርን በተመለከተ ደግሞ፣ ስፖሩ በማሩ ውስጥ ተኝቶ ሊኖር ስለሚችልና አየር የሌለበት፣ ጠባቂ ባክቴሪያዎቹም ገና ያልጠነከሩ የሕፃን አንጀት ሊያነቃውና ሊያሳድገው ስለሚችል፣ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም።

የድግስ ወጥ አደጋ ደግሞ ከእነዚሁ ባክቴሪያዎች ሌላ ዘመድ፣ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ከሚባለው ጋር የተያያዘ ነው። በትልቅ ድስት የተሠራ የሥጋ ወጥ ሲፈላ ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ ይሆናል። ተፎካካሪ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በእንፋሎቱ ይባረራል። ሙቀቱ ደግሞ ስፖሮቹን ለመንቃት ያዘጋጃቸዋል። ድስቱ ተከድኖ በምድጃው አጠገብ ሲያድር መሐሉ ለሰዓታት 45 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፤ በዚያ ሙቀት ይህ ባክቴሪያ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሁለት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ የሚመጣው የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል፤ ለሽማግሌና ለበሽተኛ ግን ቀላል አይደለም። ወጡን ማማሰል አያድነውም፣ የሚገባው አየር ወደ መሐሉ አይዘልቅም። በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ቶሎ ማቀዝቀዝ፣ ሲበላም እስኪፈላ ማሞቅ ነው መፍትሔው።

ስለ ሆስፒታል በአጭሩ ልናገር። የክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ስፖር በአልጋ ብረትና በበር እጀታ ላይ፣ አየር እየነካው ለወራት ይቆያል። በእጅ የምናሽው አልኮል አይገድለውም፤ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ መወገድ አለበት። የቲንዳልን ሐሳብ ዛሬ የሚያነሱ ተመራማሪዎች እዚህ ላይ አሉ፦ መጀመሪያ የሐሞት ጨውና አሚኖ አሲድ በያዘ ፈሳሽ ስፖሩን ማንቃት፣ ከዚያ ሳይሸሸግ መምታት። በላቦራቶሪ የነቁት ስፖሮች በሙቀትም በአልትራቫዮሌት ብርሃንም በቀላሉ ሲሞቱ ታይቷል።

በመጨረሻ የማነሳው ስፖሩን ለሕክምና የማሰማራት ሙከራ ነው። በ1955 ማልምግሬንና ፍላኒጋን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የቴታነስ ስፖር በደም ሥር ለአይጦች ሰጡ። ጤነኞቹ አይጦች ምንም አልሆኑም። ዕጢ ያለባቸው ግን በሁለት ቀን ውስጥ በመንጋጋ ቆልፍ ሞቱ። ስፖሩ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ዞሯል፤ ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ያገኘው ግን በዕጢው መሐል ብቻ ነው። ዕጢ ከደም ሥሮቹ ፈጥኖ ስለሚያድግ ውስጡ ይታፈናልና። በ2001 በጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ሳይንቲስቶች ክሎስትሪዲየም ኖቪ የተባለውን ባክቴሪያ ዋና መርዙን የሚሠራበትን ጂን አውጥተው ለዚሁ ሥራ አዘጋጁት። በ2014 በታተመው ጥናት ስፖሩ በዕጢያቸው ውስጥ ከተወጋላቸው 16 ውሾች በ3ቱ ዕጢው ጠፋ፣ በሌሎች 3ቱ ደግሞ አነሰ፤ አንዲት ታካሚም በዚያው መንገድ ታክማ በክንዷ ላይ የነበረው ዕጢ ቀንሷል።

የዘዴው ችግርም ከዚያው ከኦክስጅን ይመነጫል። ባክቴሪያው የዕጢውን የታፈነ መሐል እየበላ ይሄድና ደም የሚያገኘው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ኦክስጅን አለ። ጤነኛውን ሥጋ ከባክቴሪያው የሚጠብቀው ይህ ድንበር የዕጢውንም ውጫዊ ቅርፊት ይጠብቃል፤ ከቀረው ቅርፊት ዕጢው እንደገና ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ዛሬ የሚሠሩት ስፖሩን ከጨረር፣ ከመድኃኒት ወይም የሰውነትን መከላከያ ከሚያነሣሣ ሕክምና ጋር በማጣመር ነው፤ መሐሉን ለባክቴሪያው፣ ጫፉን ለሌላው በመተው።